«ቀይሩት» ጥገና አይደለም

መስመሩ ቆሟል። ድራይቩ ላይ ቀይ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ቴክኒሻኑ ሪሴት ይጫናል፤ ማሽኑ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና መልሶ ይቆማል። አሁንም ሪሴት። አራተኛው ላይ ፍርዱ ይወርዳል፦ «ድራይቩ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት።» መልቲሜትሩ ግን ገና ከቦርሳው አልወጣም።

በየፋብሪካው ሥር የሰደደው ይህ ልማድ ገንዘብ ያባክናል፣ ባለሙያም ያመክናል። ዕቃ መቀየር አንዳንዴ ግድ ነው። የምቃወመው ሳይለኩ መቀየርን ነው።

የሰርቮ ድራይቭ ሥራ ሞተሩን ማሽከርከር ብቻ አይደለም። የሚወጣውን ከረንት፣ የውስጡን የዲሲ ቮልቴጅ፣ ኢንኮደሩ የሚልክለትን ቦታ ያለማቋረጥ ይከታተላል። ያልተስማማው ነገር ሲኖር ያቆማል፣ ምክንያቱንም በቁጥር ይናገራል። በሚትሱቢሺ ኤምአር-ጄ4 ላይ ኤ.ኤል. 52 ከወጣ ሞተሩ ከታዘዘው ቦታ ከተፈቀደው በላይ ርቋል ማለት ነው። ምናልባት ስክሩ ተጣብቋል፤ ምናልባት ፍሬን የሚለቀው 24 ቮልት በቀጭን ሽቦ ተዳክሞ ስለደረሰ የሞተሩ ፍሬን አልተለቀቀም። ኤ.ኤል. 33 ደግሞ የዲሲው ቮልቴጅ ከመጠን ማለፉን ይናገራል። ከባድ ጭነት በድንገት ሲቆም ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ይመልሳል፤ ያን ኃይል የሚያቃጥለው ሬዚስተር ሽቦው ከላላ ቮልቴጁ ይወጣል። በእነዚህ ሁሉ ድራይቩ ያየውን የተናገረ ምስክር ነው። እኛ ግን ምስክሩን ነቅለን እንጥላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። የክዳን ማሰሪያው ሰርቮ በአምስት ወር ሁለት ድራይቭ በልቷል፤ ሦስተኛው በካርቶኑ ተቀምጦ መገጠሙን ይጠብቃል። ፓናሉን ከመክፈቴ በፊት ማሽኑ ላይ የምትሠራውን ሴት መቼ መቼ እንደሚቆም ጠየቅኋት። «ወንድሜ፣ እሑድ ማታ ከታጠበ ሰኞ ጧት አይነሣም፤ ከምሳ በኋላ ግን ደህና ይሠራል። የጠየቀኝ የለም እንጂ ከመጀመሪያውም አውቀዋለሁ» አለችኝ። መብራቱን አጥፍቼ፣ የድራይቩ ካፓሲተር እስኪራገፍ 15 ደቂቃ ጠብቄ፣ ቮልቴጁ መውረዱን ለክቼ የሞተሩን ኮኔክተር ፈታሁ። ውኃ መዳፌ ላይ ጠብ አለ። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ገመዱን ከድራይቩ ነቅዬ በ500 ቮልት ሜገር ስለካው ወደ መሬት ያለው መከላከያ አንድ ሜጋኦም እንኳ አልሞላም። ሁለቱን ድራይቮች የገደለው እርጥብ ኮኔክተር ነው፤ መሬት በነካ ሽቦ ላይ ሪሴት በተጫነ ቁጥር የከረንቱ ዱላ የሚያርፈው ድራይቩ ላይ ነበር። ኮኔክተሩና ጎማው ተቀየረ። ሦስተኛው ድራይቭ ከካርቶኑ አልወጣም።

ያን ዕለት ሳይለካ ተገጥሞ ቢሆን እሱም ይከተላቸው ነበር። «ቀይረን እንየው» የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው፤ የታመመ ሞተር ጤነኛ ድራይቭ ይገድላል።

የቦታችንም ጉዳይ አለ። ብዙ ድራይቮች ሙሉ አቅማቸው የተጻፈላቸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይቀንሳል፤ ብዙ አምራቾችም በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጭነት ቀንሱ ይላሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለባሕር ዳርቻ በልኩ የተመረጠ ድራይቭ እዚህ፣ አቧራ በዘጋው ማራገቢያ ሥር፣ ቢግል ምን ይደንቃል? ያንኑ መጠን ደግሞ መግጠም ያንኑ ቃጠሎ ደግሞ መግዛት ነው።

ሥራ አስኪያጆች መልስ አላቸው፦ መስመሩ የቆመበት ሰዓት ከድራይቩ ዋጋ ይበልጣል ይላሉ። መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ባለበት፣ አቅራቢውም በማግሥቱ በሚደርስበት አገር ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ለውጭ ምንዛሪ ወራት በሚጠበቅበት አገር ግን ያለችውን አንዲት መለዋወጫ በግምት ማቃጠል መስመሩን ለወራት ማቆም ነው። ልኬቱ ደግሞ ሰዓታት አይበላም። ከረንት በዛ የሚል አላርም ከመጣ የሞተሩን ገመድ ከድራይቩ ነቅሎ መሞከር ነው፤ አላርሙ ከቀጠለ ጥፋቱ የድራይቩ ነው፣ ከጠፋ የገመዱ ወይም የሞተሩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የምንሸሸው ግማሽ ሰዓት በኋላ ወር ሆኖ ይመጣል።

ጥፋቱን በቴክኒሻኑ ላይ ብቻ አልጭንም። ድራይቭ እየገዛ ሜገር የማይገዛ ፋብሪካ፣ የፓራሜትር ቅጂ ሳያስቀምጥ ዓመታት የሚሠራ ክፍል፣ ከጀርባው ቆሞ «መቼ ይነሣል?» ብቻ የሚል አለቃ ልጁን ወደ ግምት ይገፉታል። ያ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላም ብሎን ፈቺ ሆኖ ይቀራል፤ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አለቆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። የድራይቭ ግዢ ጥያቄ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ የአላርሙ ቁጥር፣ የሜገሩ ንባብና ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ቃል ካልተጻፈበት አትፈርሙ።