አይዳን የምትዘፍነው ሴት ዋጋዋን መቼ ታገኛለች?

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፥ ሻጩ ዕቃውን በመርከብ ከመጫኑ አስቀድሞ በባንኩ በኩል የመተማመኛ ሰነድ፥ በተለምዶ ኤል ሲ የምንለውን፥ ይከፍትለታል። ሻጩም የመጫኛ ሰነዶቹን አሟልቶ ካቀረበ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ዕቃው በገዢው ሱቅ ቢሸጥም ባይሸጥም የእርሱ ጭንቀት አይደለም። ይህን ሥርዓት የለመደ ሰው በአውሮፓና በአሜሪካ የኦፔራ ዘፋኞች ሥራ የሚያገኙበትንና ዋጋቸውን የሚቀበሉበትን መንገድ ቢመረምር መገረሙ አይቀርም።

ኦፔራ፥ ይኸውም ታሪኩ በዜማና በኦርኬስትራ የሚነገር ቲያትር፥ ብዙ ሙያተኛ ያሠራል። ልብስ ሰፊው፥ አናጢው፥ ቀለም ቀቢውና መብራት ሠራተኛው እንጀራቸውን ያገኙበታል። ዋናውን ክፍል የሚዘፍነው ሰው ግን፥ ሕዝቡ ቲኬት የሚገዛው እርሱን ለመስማት ሆኖ ሳለ፥ ብዙውን ጊዜ በራሱ ኪሳራ እንደሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ ነው። ወጣቱ ዘፋኝ ድምፁን ለዓመታት ካሠለጠነ በኋላ ለፈተና ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ መጓጓዣውንና ማደሪያውን የሚከፍለው ራሱ ነው። በአሜሪካማ ለፈተናው የማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶች አሉ። ቢቀናው ወኪሉ ከዋጋው ላይ ድርሻውን ያነሣል፤ በዚህስ ነቀፋ የለኝም፥ ደላላ በከንቱ አይደክምም። ከዚያ ሳምንታት የሚፈጅ ልምምድ ይከተላል። በእንግድነት የተቀጠረ ዘፋኝ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው መድረክ ላይ ወጥቶ በዘፈነባቸው ምሽቶች ልክ ነው። በዚያ ምሽት ጉሮሮው ቢዘጋ፥ የልምምዱ ድካምም የቤቱ ኪራይም በእርሱ ላይ ይቀራል።

ጀርመን ከዚህ የተሻለ ልማድ አላት። በመንግሥትና በከተማ ገንዘብ የሚደጎሙ 80 ያህል የኦፔራ ቤቶች ያሏት ሲሆን፥ ብዙዎቹ ዘፋኞችን በወር ደመወዝ ይቀጥራሉ። ደመወዙ ከፍተኛ አይደለም፤ ውሉም ሳይታደስ ሊቀር ይችላል። ቢሆንም ከየአህጉሩ ወጣቶች ወደዚያ ይጎርፋሉ።

የሌላው ዓይነት ውል ጉድለት ጎልቶ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሩን ሲዘጋ፥ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለውን የውል አንቀጽ ጠቀሰ። ይህን ነገር የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ያውቀዋልና፥ አንቀጹ መጠቀሱን አልነቅፍም። ነገር ግን ዋጋው ሁሉ በትርዒቱ ምሽት ላይ በተንጠለጠለበት ውል፥ አደጋ ሲመጣ ሸክሙ የሚወድቀው በዘፋኙ ላይ ነው። ክፍላቸውን ለወራት ያጠኑ ብዙዎች በዚያ ዓመት ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ሌላ መንገድ መኖሩን የኦፔራው ዓለም ራሱ ያውቃል። የግብፅ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል (በ1875 እና በ1876 ጦሩ በጉንደትና በጉራ የተመታበት እርሱ ነው) ስለ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ስለ አይዳ የሚናገረውን ኦፔራ ሲያዝዝ፥ ቬርዲ በ1870 የጠየቀው ዋጋ 150,000 ፍራንክ ነበር፤ እርሱም የዜማውን ጽሑፍ ባስረከበ ጊዜ በፓሪሱ የሮትሽልድ ባንክ እንዲከፈለው አስታወቀ። ወዲያው ጦርነት ተነሥቶ ፕሩሲያኖች ፓሪስን ከበቡ። በዚያ የተሠሩት አልባሳትና የመድረክ ሥዕሎች ከከተማይቱ መውጣት ስላልቻሉ፥ ትርዒቱ እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዘገየ። አስመጪዎቻችን እንዲህ ያለውን መዘግየት ያውቁታል። ቬርዲ የጠየቀው ዋጋ ግን በማስረከብ እንጂ በትርዒቱ ቀን የተወሰነ አልነበረም።

ዛሬ አይዳን ሆና የምትዘፍነው ሴትስ? የኦፔራ ቤቶች የቲኬቱ ገቢ ወጪያችንን አይሸፍንም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ለመድረኩ የሚሆነውን እንጨት የሸጠላቸውን ነጋዴ መጋረጃው እስኪከፈት ጠብቅ አይሉትም። እንደ እኔ አስተያየት፥ ከዋጋዋ ሲሶው ልምምድ በጀመረችበት ቀን፥ ሌላው ሲሶ ልምምዱ ባለቀበት ቀን፥ የቀረው በየትርዒቱ ምሽት ሊከፈላት ይገባል። ብትታመም የሚቀርባት የመጨረሻው ሲሶ ብቻ ይሁን።