ዝናብ ለምነን መጥረጊያውን ረሳን

በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ስለ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ልጽፍላችሁ ነው። «የመጋቢ ሚስት ከጸሎትና ከልጆች አስተዳደግ ወጥታ ጋራዥ ገባች እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን ታገሡኝ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ በሰው መኪና መሳፈራችሁ አይቀርምና።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ እንደከዳንና በወሎ ስንቱ ቤት እንደተቸገረ ታስታውሳላችሁ። እኛም ኩታበር ላይ ሆነን «ጌታ ሆይ፣ ሰማዩን ክፈትልን» እያልን ስንጾምና ስንጸልይ ከረምን። ጌታ ይመስገን፣ የ2008 ክረምት ገባ፤ ያውም ዶፍ ሆኖ። ታዲያ ዝናቡ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያናችን አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ መጥረጊያ ከዓመት በላይ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ነበር። ዝናብ ስንለምን ስለ መጥረጊያው ያሰበ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ደሴ ታማ የተኛች እህታችንን ጠይቀን ወደ ኩታበር ስንመለስ መሸብን። መሪውን የያዘው ባለቤቴ ነው። ከኋላ ለጋብቻ የምናዘጋጃቸው ሁለት እጮኛሞች ተቀምጠዋል። ቦሩ ሜዳን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጉሙ ወረደ፤ ዝናቡም ተከተለው። መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ነገር ግን ውሃውን በመጥረግ ፈንታ መስታወቱ ላይ ይቀባዋል። ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያበራብን ደግሞ መስታወቱ በሙሉ ነጭ መጋረጃ ይሆናል።

«እባክህ ቁም» አልኩት።

«ትንሽ ነው የቀረን፤ ጌታ ያደርሰናል» አለኝ።

«ጌታማ ያደርሳል፤ ለአንተ ግን መንገዱ ይታይሃል ወይ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እሱም መጥረጊያው እንዲለወጥ ለሽማግሌዎች መናገሩን አስታወሰኝ። እኔም «ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ከምትጠብቅ ራስህ ብትገዛውስ?» አልኩት። «ቀኑን ሙሉ ደሴ ስንውል አንቺስ አስታወስሽኝ?» አለ። ከኋላችን ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። በማግሥቱ ለእነዚያ ልጆች ልናስተምራቸው ያዘጋጀነው ርእስ «በትዳር ውስጥ መነጋገር» የሚል ነበር።

በመጨረሻ እየተቆጣም ቢሆን ጥግ ይዞ ቆመና የጎኑን መስኮት ዝቅ አደረገ። ከመኪናው ፊት አምስት ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ አንድ አባት ቡሉኮ ተከናንበው፣ ሁለት አህዮች እየነዱ መንገዱን ይሻገራሉ። ከአራታችን አንዳችንም በፊት መስታወቱ በኩል አላየናቸውም ነበር። ባለቤቴ ወርዶ ወደ እሳቸው ሄደ። ሰውዬው የተረፉትን ነገር እንኳ አላወቁም፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተው «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያግራላችሁ» ብለውት አህዮቻቸውን ነዱ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ተቀመጥን። በማግሥቱ ትምህርቱን ትተን ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ከዚያ ወዲህ «ጌታ ያደርሰናል» ስለሚለው ቃላችን ብዙ አስቤአለሁ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ስለ ዝናብ ከጸለየ በኋላ፣ ያቺ የሰው እጅ የምታህል ደመና እንደታየች የላከው መልእክት ምን ነበር? አክዓብ ሠረገላውን አዘጋጅቶ ዝናቡ ሳያግደው እንዲወርድ ነበር (1ኛ ነገሥት 18)። የለመነው ዝናብ በእርግጥ እንደሚመጣ ያመነ ሰው የሠረገላውን ነገር አልዘነጋም። ዘዳግም 22፥8 ላይም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ አንድ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና። እኔ ያንን ቁጥር በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼው ነበር። የገባኝ ግን ከቦሩ ሜዳ ማዶ፣ አህዮቹ ሲሻገሩ ነው።

ስለዚህ በቤታችን የመጥረጊያው ጉዳይ የእኔ ሥራ ሆነ። አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የሴት ሥራ ነው?» ብለው ይስቃሉ። የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበችው ሴት እንደሆነች ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ስሟ ሜሪ አንደርሰን ይባላል፤ የአላባማ ሰው ናት። ለሽያጭ ያቀረበችለት ኩባንያ ግን ጥቅም የለውም ብሎ መልሶባታል።

እንግዲህ ወደ ግዢው እንሂድ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ርዝመቱን ለኩ። በብዙ መኪኖች ላይ የሾፌሩ ወገንና የሌላው ወገን መጥረጊያ እኩል አይደለም። ረጅም ከገዛችሁ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አጭር ከገዛችሁ ሳይጠረግ የሚቀር ቦታ ይኖራል። ደግሞም መጥረጊያው ከክንዱ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ልዩ ልዩ ስለሆነ፣ አሮጌውን አውልቆ ይዞ መሄድ ከክርክር ያድናል።

ቀጥሎ ጎማውን በጣታችሁ ፈትኑት። ጠርዙን ጎንበስ አድርጋችሁ ስትለቁት ወዲያው ቀጥ ካለ ደህና ነው። ተጣሞ ከቀረ ወይም የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ከታየበት፣ አዲስ ነው ቢሏችሁም አርጅቷል። በሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትውሰዱ። የጎማ ጠላቱ ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ደጋ ደግሞ ብርዱ ያታልለናል እንጂ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል።

በገበያ የምታገኙት አንዱ የብረት አጽም ያለው የድሮው ዓይነት፣ ሌላው ውጫዊ አጽም የሌለው ጠፍጣፋው ነው። ጠፍጣፋው ጎባጣውን መስታወት በእኩል ይጫነዋል፤ ጭቃና በረዶ የሚሰካበት መገጣጠሚያም የለውም። ከሲሊኮን የተሠራው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ፀሐይና ሙቀት ስለሚችል ዕድሜው ይረዝማል። አቅም ካላችሁ እሱን ግዙ። ከሌላችሁ ግን ተራውን ጎማ በየዓመቱ መለወጥ፣ ውዱን ገዝቶ አራት ዓመት ከመርሳት ይበልጣል። አምራቾችም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ እንዲለወጥ ይመክራሉ። እኔ ግንቦት ሲያልቅ እለውጣለሁ፤ በልግ ሳይገባም ጥር መጨረሻ ላይ አየት አደርገዋለሁ።

ስትለውጡ አንድ ነገር አደራ። ክንዱን አንሥታችሁ መጥረጊያውን ስታወልቁ፣ መስታወቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ክንዱ ስፕሪንግ ስላለው ድንገት ከተመለሰ ባዶው ብረት መስታወቱን ይሰነጥቃል። መጥረጊያ ለመቆጠብ ስንል መስታወት እንዳንገዛ!

ዕድሜውን የሚያሳጥረው ደግሞ የበጋ አቧራ ነው። መስታወቱ አቧራ ለብሶ ሳለ በደረቁ ካስነሣችሁት፣ አሸዋው የጎማውን ጠርዝ ይበላዋል፣ መስታወቱንም ይጭረዋል። በመስታወቱ ላይ የተጫረው መስመር ማታ መብራት ሲመጣበት ያበራል፤ ጎማ መለወጥም አያጠፋውም። አስቀድማችሁ ውሃ አፍስሱበት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ለእሁድ ስትዘጋጁ፣ ጎማውን በጥቂት ሳሙና በራሰ ጨርቅ ጥቁሩ እስኪለቅ ድረስ ጥረጉት። በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚያጸዱ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያብረቀርቃል፣ በኋላ ግን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋልም። በውሃ መርጫው ጋን ውስጥ የልብስ ሳሙና ዱቄት መጨመርም መስታወቱ ላይ ደመና ያስቀራል። ውርጭ በሚጥልበት ማለዳ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀውን መጥረጊያ በሞተር ኃይል አታላቅቁት፤ የፈላ ውሃም አትድፉበት፣ መስታወቱ ይፈነዳል። ሞተሩን አስነሥታችሁ ትንሽ ጠብቁ።

ካፊያ ሲሆን ሳያቋርጥ እንዲጠርግ አታድርጉት፤ ግማሽ ደረቅ መስታወት ላይ መፋተጉ ጎማውን ይጨርሰዋል። አረፍ እያለ የሚጠርግበት ማርሽ ካለው በዚያ ተጠቀሙ። ይህን አረፍ እያለ የሚሠራውን ዘዴ የፈለሰፈው ሮበርት ካርንስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሠርጉ ሌሊት የሻምፓኝ ጠርሙስ ክዳን ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን ጎዳው፤ (የእኛ ሠርግ ሻምፓኝ የለውም ብላችሁ አትመጻደቁ!) ከዓመታት በኋላም የዓይን ሽፋን በየመሐሉ እንደሚርገበገብ መጥረጊያም ለምን እንዲህ አይሠራም ብሎ አሰበ። ታላላቅ የመኪና ኩባንያዎች ሐሳቤን ወሰዱብኝ ብሎም ከሰሰ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአሥር ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተስማማ። ክርክሩ ግን ዘመኑን በላው፤ ትዳሩም በዚያው መካከል ፈረሰ። እኔ ይህን ባነበብኩበት ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኩት። «መጥረጊያ ገና ብዙ ያጣላናል ማለት ነው?» ብሎኝ ተኛ።

ያወለቃችሁትን ሁለቱንም አትጣሉ። ደህናውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡት፤ የሾፌሩ ወገን መንገድ ላይ ቢበጠስ ቤት ያደርሳል፣ ርዝመቱ ከገጠመ።

እነዚያ እጮኛሞች ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባጃጅ ገዝተው ባልየው ይሠራበታል። ባጃጅ ደግሞ መጥረጊያው አንድ ብቻ ነው። ግንቦት ውስጥ ሚስቲቱን ከመለዋወጫ ሱቅ ስትወጣ አገኘኋትና «ምን ገዛሽ?» አልኳት። ሳቅ ብላ ከቦርሳዋ አወጣችው። ርዝመቱን በክር ለክታ ነበር የመጣችው፤ ክሩ ገና ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል።