ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ

በመተከል ዞን በድባጤ በኩል ያለፈ ሰው፣ ሽመልና ቍጥቋጦ የበቀለበትን ምድር አይቶ «ይህ ሁሉ መሬት ባዶ ነው» ይል ይሆናል። ባዶ ግን አይደለም። የጉሙዝ ገበሬ ጥቂት ዓመት ያርሳል፤ አፈሩ ሲደክም ያሳርፈዋል፤ ሲያገግም ይመለስበታል። ያረፈው መሬት የነገ ማሳው፣ የማሩና የሥራሥሩ ጓዳ ነው። ኩባንያው ግን ካርታውን ዘርግቶ «ባዶ» ብሎ ይጽፋል።

ውድ ተማሪዎችና መምህራን! ኩባንያዎች «መልካም ዜጋ» መባልን ይወዳሉ። ግብር ከፍለናል፣ የትምህርት ክፍል ሠርተናል፣ ደብተር አድለናል ይላሉ። የአባትን ማሳ ወስዶ ለልጁ ደብተር መስጠት ዜግነት ነውን? የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. የተቀበለው መመሪያ፣ በጎ አድራጎት የመብት ጥሰትን እንደማያካክስ ይገልጣል። የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ሕዝብን በሚነካ ፕሮጀክት የሕዝቡ አሳብ ይጠየቅ ይላል፤ በአንቀጽ 44፣ በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው የተነካበት ይካስ ይላል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ሥራው ሳይጀመር የአካባቢ ተጽዕኖው እንዲጠና ያዝዛል።

«ሀገር ካፒታል ያስፈልጋታል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በጋምቤላ የሆነውን እናስታውስ። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. 100,000 ሔክታር ለ50 ዓመት፣ ሔክታሩን በዓመት በ20 ብር ተከራየ። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ያለማው እጅግ ጥቂት ነው ብሎ ውሉን ሰረዘ። የተነገረው ተስፋ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

የመተከል ነገር ከዚህም ይከብዳል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። የተፈናቃይ ማሳ ባዶ መሬት አይደለም። ስለዚህ ወደ ድባጤ የሚመጣ ኩባንያ ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ማሳ የማን ነው? ባለቤቱስ ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገው ሳይል መልሱን ይስማ። ውሉንም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ያንብብለት፤ እምቢ ካለም እምቢታውን ያክብር።

እኛስ? ነገ «ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፈው፣ ውሉን የሚያረቅቀው፣ ሒሳቡን የሚያሳምረው ከእኛው መካከል የሚመረቀው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩን የሚነቀንቀው እጅ የተማረ እጅ እንዳይሆን ከዛሬ እንማማል።