«ሲፈጥረው ነው»

በ2025 (ዓመቶቼም ቀኖቼም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አንድ ቅዳሜ የሲያትል ቤዝቦል ቡድን የተጫዋቹን የኢቺሮ ሱዙኪን 51 ቁጥር፣ ማንም ዳግም እንዳይለብሰው፣ ለዘለዓለም ሰቀለ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ነገሩን ባነሳ፣ አንድ ወዳጄ «እሱማ ሲፈጥረው ነው» ብሎ ጨዋታውን ዘጋብኝ። ከዚህች ቃል ጋር ስንት ዓመት እንደተጣላሁ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። ስለ ሯጮቻችን ስትነገር ተጣልቻታለሁ፣ ስለ ማሲንቆ መቺ ስትነገርም ተጣልቻታለሁ። ሙገሳ ትመስላለች እንጂ የሰውን ላብ የምትቀማ ቃል ናት።

ኢቺሮ በ1973 ጃፓን ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ቶዮያማ በምትባል ከተማ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ በጻፈው ድርሰት፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ከዓመቱ 365 ቀን 360ውን ጠንክሮ እንደሚለማመድ ቆጥሮ አስፍሯል። የሚያለማምዱት አባቱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ልጅነት ለልጆቼ አልመኝም፤ ጭካኔ አለበት። ግን «ሲፈጥረው ነው» የሚል ሰው እነዚያን 360 ቀኖች የት ያድርጋቸው? ደግሞስ ኦሪክስ ብሉዌቭ የሚባለው የጃፓን ቡድን ሲገባ የመጀመሪያው አሠልጣኙ አመታቱን አልወደደለትም፤ ወደ ታችኛው ቡድን አወረደው። ሲፈጠር የተሰጠው ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ቤዝቦል ውስጥ የኖረ አሠልጣኝ እንዴት ሳያየው ቀረ? በ1994 አኪራ ኦጊ የሚባሉ አዲስ አሠልጣኝ መጥተው እንደ ራሱ እንዲመታ ተዉት። በዚያው ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ጊዜ ኳሷን መትቶ ማረፊያው ደረሰ። በጃፓን ሊግ ከ200 ያለፈ ከእሱ በፊት አልነበረም።

በ2001 ወደ ሲያትል ሲመጣ ቀጭን ነው፣ የአሜሪካ ወርዋሪ ይሰብረዋል ያሉ ብዙ ነበሩ። በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የሊጉ ኮከብም ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አሥር ዓመት በተከታታይ ከ200 ምት ወርዶ አያውቅም። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚነካኝ ግን ጓንቱን ራሱ በቅባት ማሸቱ፣ ዱላዎቹንም እርጥበት እንዳያገኛቸው በልዩ ሣጥን ይዞ መዞሩ ነው። የጥበብ ዕቃውን እንዲህ የሚያከብር ሰው ሳይ ልቤ ይሞላል። በ2025 ጥር ላይ ከ394 መራጮች 393ቱ የዝና አዳራሽ ይገባዋል አሉ። ለዚያ ለቀረው ለአንዱ መስመር አላባክንም።

ይህን ጨዋታ ያስተማሩኝ ጋሼ የምላቸው አንድ ባለታክሲ ናቸው። በ2004 በሲያትሉ ሲታክ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ታክሲዎቻችንን አቁመን ጨዋታውን በሬዲዮ እናዳምጥ ነበር። እኔ ያኔ ቤዝቦል ማለት ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው የሚውሉበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ቴሌቪዥን ያለበት ቦታ ስንገኝ ጋሼ ኢቺሮን እያሳዩ «ዱላውን ተወው፣ እግሩን እየው፤ ሳይመታ ነው መሮጥ የሚጀምረው» ይሉኛል። እውነትም ዱላው ኳሷን ሲያገኛት አንድ እግሩ መንገድ ጀምሯል። የሲያትል ቡድን በዚያ ዓመት 99 ጊዜ ተሸንፏል፤ ስታዲየም መሄድ የሚያጓጓ ነገር አልነበረውም። ጋሼ ግን ኢቺሮ በመታ ቁጥር ሰማያዊ ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ያሰምራሉ፤ አራቱ ይቆማሉ፣ አምስተኛው ይጋደምባቸዋል።

የሚጠብቁት 257ን ነበር። ጆርጅ ሲስለር የሚባል የሴንት ሉዊስ ሰው በ1920 አንድ ዓመት ውስጥ 257 ጊዜ መትቶ፣ ለ84 ዓመት የደረሰበት አልተገኘም። ጥቅምት 1 ቀን ማታ ኢቺሮ በመጀመሪያ ምቱ ተካከለው፣ በሁለተኛው አለፈው። ጓደኞቹ ወጥተው ሲያቅፉት ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። እሱ ግን ወደ ታዳሚው ሄዶ የሲስለርን ልጅ እጅ ጨበጠ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በዚህም አልበቃውም። በ2009 ለኮከቦች ጨዋታ ሴንት ሉዊስ ሲሄድ ከሚስቱ ጋር የሲስለርን መቃብር ፈልጎ አበባ አኖረ። ሲስለር የሞቱት ኢቺሮ በተወለደበት ዓመት ነው፤ ተያይተው አያውቁም። ሰው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን፣ ክብረ ወሰኑን የነጠቀውን ሰው መቃብር ፈልጎ የሚሄደው ምን ብሎ ነው? ለእኔ ያ 257 በስንት ድካም እንደሚገኝ ከሲስለር ሌላ የሚያውቀው ኢቺሮ ብቻ ስለነበረ ነው።

ጋሼ ኢቺሮ በ2019 ቶኪዮ ላይ ሲሰናበት አላዩም፤ ቀድመው ሄደዋል። ደብተሩን ልጃቸው ሰጠችኝ። ከቀብራቸው ቀን ወዲህ መቃብራቸው ጋ አልሄድኩም፤ ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው። ያን ቅዳሜ ማታ ቁጥሩ ሲሰቀል ካየሁ በኋላ ደብተሩን አውጥቼ የ2004ን ገጽ ቆጠርኩት። ሙሉ እስሮቹ 51 ሲሆኑ ቀጥሎ አዲስ እስር ይጀምራል። እዚያ ላይ ሁለት መስመሮች እንደ ሌሎቹ በሰማያዊ ተሰምረዋል፤ ሦስተኛዋን በቀይ አስምረዋታል።