አዲስ የሆነ ሁሉ ይስማማልን?



በዚህ ዘመን «አዲስ» የተባለ ነገር ሁሉ ከአሮጌው ይበልጣል የሚለው አሳብ በብዙ ወጣቶች ዘንድ ሥር ሰዶ ይታያል። ልብስ ወይም ስልክ እንዲህ ቢመረጥ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። ይኸው አሳብ ወደ ኮምፒዩተር ትምህርት ሲገባ ግን ከንቱ ድካም ያስከትላል። ስለዚህ የሶፍትዌር ጥቅል ለመገንባት ኮምፓይለር በሚመረጥበት ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «የትኛው አዲስ ነው?» ሳይሆን «የትኛው ይስማማል?» መሆኑን በበኩሌ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ኮምፓይለር ማለት ሰው አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒዩተር ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ነው። ግሬስ ሆፐር የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ ኤ ዜሮ በተባለው ሥራዋ የዚህን ጥበብ መንገድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ጂሲሲ ደግሞ በሪቻርድ ስቶልማን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ወጣ። በነፃ የሚገኝ ስለ ሆነ እንደ እኛ ላለ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

መቼም አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ካዘጋጁት ላይብረሪ ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው። ላይብረሪው በአንድ ኮምፓይለር፥ ፕሮግራሙ በሌላ ተተርጉመው በመጨረሻ ሲገናኙ፥ መረጃን በማስቀመጥና በመቀባበል ሥርዓት ካልተስማሙ ነገሩ ጥርሱ ያልገጠመ ብሎንና ዳዶ ይሆናል። ብሎኑም ጤነኛ ነው፥ ዳዶውም ጤነኛ ነው፤ ሁለቱ ግን አይተሳሰሩም።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ ስለ ጽሑፍ አያያዝ አዲስ ግዴታ በማምጣቱ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 5ኛው ጂሲሲ ጽሑፍን በማኅደረ ትውስታ የሚያስቀምጥበትን አሠራር ለወጠ። የቀድሞው ሥራ ሁሉ እንዳይበላሽ ሁለቱም አሠራሮች በላይብረሪው ውስጥ እንዲኖሩ ተደረገ፤ ስማቸው ግን ተለያየ። ስለዚህ አንዱ ክፍል በአሮጌው፥ ሌላው በአዲሱ አሠራር ከተሠራ፥ በሚያያዙበት ጊዜ የተጠራው ስም አልተገኘም የሚል መልስ ይመጣል። ጀማሪው ተማሪ ላይብረሪው የጠፋ መስሎት ደጋግሞ ያወርዳል፤ ላይብረሪው ግን እፊቱ ተቀምጧል። በፎርትራንም ቢሆን አንዱ ኮምፓይለር የጻፈውን የሞጁል ፋይል ሌላው አያነበውም።

ከዚህም ሌላ አዲስ ኮምፓይለር ለአሮጌ ጽሑፍ ጥብቅ ዳኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 10ኛው ጂሲሲ ቀድሞ የሚታለፉ የነበሩትን አንዳንድ የፎርትራን አለመጣጣሞች መከልከል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 14ኛው ደግሞ በሲ ቋንቋ አስቀድሞ ያልታወጀን ፈንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስሕተት አሸጋገረው። በዚህም ምክንያት ትናንት ያለ ችግር ይገነባ የነበረ ጥቅል ዛሬ እምቢ ይላል።

«እንግዲያው ዘወትር በአሮጌው እንኑር ማለትህ ነውን?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። አዲሱ ኮምፓይለር የተሰወረ ስሕተት ይገልጣል፤ ብዙ ጊዜም ፈጣን ፕሮግራም ይሠራል። እንዲያውም ያልታወጀ ፈንክሽን መጥራት እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው የሲ ደንብ ጀምሮ የተሻረ ስለ ሆነ፥ 14ኛው ጂሲሲ መከልከሉ ትክክል ነው። ስለዚህ እኛ ራሳችን የምንጽፈውን በአዲሱ እንፈትን። ነገር ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ጥቅል፥ በሌላ ኮምፓይለር በተሠሩ ላይብረሪዎች ላይ ስንገነባ፥ አዲስነትን ብቻ አይቶ መነሣት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት ነው።

ይህን ነገር እንደ ቀላል የማላየው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ስለማውቅ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጥቅል ጋር ሲታገል ከርሞ «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ተነሣ። የጐደለው ግን የኮምፓይለር ስምምነት እንጂ አእምሮ አልነበረም። ለኢንተርኔት የሚከፈለው ገንዘብ በሚከብድበት አገር ደግሞ ደጋግሞ ማውረድ ኪስንም ተስፋንም ያሟጥጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፥ ከጥቅሉ ጋር የመጣውን የአገነባብ መመሪያ ሳናነብ አንጀምር፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና። ሁለተኛ፥ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት ላይብረሪዎች የተሠሩበትን ኮምፓይለር እናስቀድም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ የመጣው ነው። ሦስተኛ፥ የሲ፥ የሲ ፕላስ ፕላስና የፎርትራን ኮምፓይለሮች ከአንድ ቤተሰብና ከአንድ እትም ይሁኑ። ሌላ እትም የግድ ቢያስፈልግም ነባሩን ማጥፋት አያሻም፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ እትሞች ጐን ለጐን ሊኖሩ ይችላሉና።

በመጨረሻም በየትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል አንድ መዝገብ ቢቀመጥና የትኛው ጥቅል በየትኛው እትም እንደ ተገነባ ቢጻፍበት፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች እኛ ካቆምንበት ይቀጥላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ስለ ሆነ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ከዚሁ ዓመት ጀምረን ሥራ ላይ እንድናውለው አሳስባለሁ።