ፍርድ የተሰጠበት ስፍራ፦ ከቦው ስትሪት እስከ መሐል ሜዳ

የፍርድ ቤት ሕንፃ ብዙ ጊዜ የዳኛና የባለጉዳይ መጠለያ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ የበሩ አቀማመጥ፣ የመተላለፊያው ስፋትና የዳኛው ወንበር ከፍታ መንግሥት ዜጋውን እንዴት ይመለከተው እንደነበር የሚመሰክሩ ማስረጃዎች ናቸው።

በለንደን የሚገኘው የቦው ስትሪት ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ለዚህ አብነት ይሆናል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1881 በጆን ቴይለር ንድፍ የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ያዡንና ፈራጁን በአንድ ስፍራ አጎራብቶ ያኖረ ነው። የኢትዮጵያ ወዳጅ የሲልቪያ ፓንክረስት እናት ኤመሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1908 ለሴቶች የመምረጥ መብት ባደረገችው ትግል ተከስሳ የቀረበችው በዚሁ ችሎት ነበር። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቶ ሕንፃው ሆቴል ቢሆንም፣ የቀድሞዎቹ የእስር ክፍሎች ሙዚየም ሆነው ታሪካቸውን ይናገራሉ።

በኢትዮጵያ የዳኝነት ሥነ ሕንፃ መነሻው ግንብ ሳይሆን አደባባይ ነው። የ«በላ ልበልሃ» ሙግት በሕዝብ ፊት፣ በዛፍ ጥላ ወይም በሜዳ ላይ ይካሄድ ነበር፤ የክርክሩ ግልጽነት ከስፍራው ግልጽነት ይመነጭ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ አስተዳደር አዋጅ ዘመናዊ የፍርድ ቤት መዋቅር ሲዘረጋ ዳኝነት ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳ ውስጥ ገባ። የርስት ሙግት የኑሮው አካል በነበረበት በመንዝ ይህ ሽግግር በቅጡ ሊጠና ይገባዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ትምህርት የሚሆን ጉዳት ደርሷል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት የተረሸኑበት የዓለም በቃኝ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ ስፍራው ለአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ውሏል። ኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ግድግዳው ይዞት የነበረው ምስክርነት ግን በሌላ አይተካም።

የመከራ ቤት ለምን ይጠበቃል፣ የወረዳ በጀትስ ለአሮጌ ግድግዳ ለምን ይውላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ሁሉም ይጠበቅ ማለት አይደለም። ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ በፕላን ይነደፍ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ ማለት ነው። ይህ ከአንድ የማስተርስ ተመራቂ አቅም በላይ አይደለም።

ሜዳና የዛፍ ጥላ ግን በሜትር ብቻ አይለኩም፤ ፕላናቸው ያለው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ በጎልማሳነት ርስት ይሟገቱ የነበሩ የመንዝ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ዳኛው የት ተቀምጦ፣ ተከራካሪው የት ቆሞ፣ ሕዝቡ ከየት ሆኖ ይሰማ እንደነበር ሊያሳዩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ድንጋዩ ጥቂት ዓመታት ሊታገሥ ይችላል፤ እነርሱን ግን ጊዜ አይጠብቃቸውም። ስለዚህ ጥናቱ ከመሐል ሜዳና ከአካባቢዋ ሽማግሌዎች ዘንድ ሊጀመር ይገባል።