ስለ ጥንቸል አረባብ፤ ለጀማሪዎች የሚሆን ምክር

ጥንቸልን በቤት ማርባት በጥቂት ገንዘብና በጠባብ ስፍራ የሚጀመር ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ለላም የሚበቃ ግቢ የሌለው ሰው ለጥንቸል የሚበቃ ጥግ አያጣም፤ ምግቧም አብዛኛው ሣርና ቅጠል ነው፤ ድምፅዋም ጎረቤትን አያውክም። ስለዚህ በከተማ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህን ሥራ ለመያዝ ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መጀመሪያው ቀላል ስለ ሆነ መጨረሻውም እንዲሁ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር አስቀድመን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን፤ ይኸውም ጥንቸል ከመግዛት በፊት የምትረባው ለምን እንደ ሆነ በቤት ውስጥ ተመካክሮ መቍረጥ ነው።

ምክንያቱን በቍጥር እናሳይ። አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ይዞ የጀመረ ሰው፤ እያንዳንዲቱ ሴት በዓመት 4 ጊዜ ብትወልድ፤ በየወሊዱም 6 ልጆች ቢያድጉላት፤ በዓመቱ መጨረሻ 48 ልጆች ያገኛል። የሚበላቸው ወይም የሚገዛቸው ሰው አስቀድሞ ካልታወቀ በረከቱ ሸክም ይሆናል። ቢበዙብን ወደ ሜዳ እንለቃቸዋለን ማለትም አይገባም። በአውስትራልያ አገር በ1859 በፈረንጆች አቈጣጠር ለአደን ጨዋታ የተለቀቁ ጥቂት ጥንቸሎች ተዋልደው የገበሬውን አዝመራና የከብቱን ግጦሽ እንዳጠፉ በታሪክ የታወቀ ነው።

በአገራችን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነሣ የሃይማኖት ጥያቄ አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ብታመሰኳም ሰኰናዋ ያልተሰነጠቀ ስለ ሆነ ከማይበሉት እንስሳት ጋራ ተቈጥራለች፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ይህን ሥርዐት ጠብቀው ሥጋዋን አይበሉም። በእስልምና አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት የተፈቀደ ነው ይላሉ፤ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ምእመናንም የሚከለክላቸው ሕግ የለም። እንግዲህ የማይበላ ቤተ ሰብ ጥንቸል የሚያረባው ዘሯን ለሚያረቡ ሰዎች ለመሸጥ፤ ወይም ፍግዋን ለጓሮ አትክልት ለማዋል፤ ወይም ልጆችን የእንስሳ አያያዝ ለማስተማር ሊሆን ይችላል፤ የሚያጠራጥረው ነገር ቢኖር የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። የጥንቸልን ሥጋ የዶሮ ነው ብሎ ለእንግዳ ማቅረብ ወይም መሸጥ ግን ታላቅ በደል ነው። የሌላውን ሰው ሃይማኖት በበርበሬ ሸፍኖ ማስፈረስ ለማንም አይገባም።

ለልጆችም እውነቱን ከመጀመሪያው ቀን መንገር ያሻል። ልጅ ጥንቸሊቱን ስም አውጥቶ፤ አቅፎ፤ ሣር አጭዶ ካሳደጋት በኋላ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቷን ባዶ ቢያገኘው ኀዘኑ ጥንቸሊቱን በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹን ማመኑም ይጐዳል። ለሽያጭ ወይም ለምግብ የሚረቡትን አስቀድሞ ማስታወቅ፤ ለልጁም የምትቀርለት እናቲቱ እንደ ሆነች ለይቶ መንገር መልካም ነው።

ዓላማው ከተቈረጠ በኋላ የምትረባው ጥንቸል የትኛዋ እንደ ሆነች ማወቅ ይገባል። እኛ በአማርኛ ጥንቸል ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት ዓይነት እንስሳት ናቸው። በአገራችን ሜዳና ቍጥቋጦ የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ልጆቿን ጠጕር አብቅለው፤ ዓይናቸውን ገልጠው ትወልዳቸዋለች፤ በቤትም ተይዛ አትረባም። የቤቷ ጥንቸል ግን ዘሯ ከስጳንያና ከደቡብ ፈረንሳይ የመጣ ሲሆን ልጆቿ ዕራቍታቸውን፤ ዓይናቸውም ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ስለዚህ እረኞች ከሜዳ ይዘው ያመጡትን የዱር ጥንቸል ልጅ ተቀብሎ ሥራ ለመጀመር መሞከር ለእንስሳዪቱ ሞት፤ ለሰውዬውም ድካም ነው።

የምትገዛው ጥንቸል ዓይኗ የጠራ፤ አፍንጫዋ የደረቀ፤ ጆሮዋ በውስጥ ቅርፊት የሌለው፤ ከጭራዋም በታች ንጹሕ የሆነች ትሁን። ጥርሷንም ከንፈሯን ገልጦ ማየት ነው፤ የጥንቸል ጥርስ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ስለሚያድግ የላይኛውና የታችኛው ካልተገናኘ እየረዘመ መብላት ይከለክላታል። ወንዱንና ሴቶቹን ከአንድ እናት የተወለዱ እንዳይሆኑ ከተለያየ ቤት መግዛት ይሻላል። አዲስ የመጣችውንም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቈይቶ ጤንነቷን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቤቷ ዝናብ፤ ነፋስና የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀትና እርጥበት ይጐዳታል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ትታመማለች፤ የወንዱም ዘር ለጊዜው ይደክማል። ስለዚህ ሥራው ለደጋና ለወይና ደጋ ይስማማል፤ በቈላ ግን ብዙ ጥላና ነፋሻ ስፍራ ያሻዋል። ለአንዲት እናት ርዝመቱ 90፤ ወርዱ 60፤ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከሁሉ ያነሰው ልክ ነው፤ ሰፋ ቢል ይመረጣል። ሣጥኑ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቁም፤ ወለሉም ኩስና ሽንት እንዲያሳልፍ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ከሽቦ መረብ ይሠራ። በሽቦ ወለል ላይ እግሯ እንዳይቈስል አንዲት ሳንቃ በአንድ ወገን ማኖር ነው። በሩ ውሻ፤ ድመትና ሸለምጥማጥ የማይከፍቱት መቀርቀሪያ ይኑረው። ወንዱና እያንዳንዲቱ ሴት ለየብቻቸው ይደሩ።

የምግቧ መሠረት ድርቆሽ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊቷ አይለይ። ከዚያ ላይ ትኩስ ሣር፤ አልፋልፋ፤ የካሮትና የስኳር ድንች ቅጠል ይጨመራል። ትኩሱ ሣር ጤዛው እስኪደርቅ በጥላ ተበትኖ ጠውለግ ይበል፤ ተከምሮ የሞቀ ወይም የሻገተ ነገር ሆዷን ነፍቶ ይገድላታል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዝነት ስላለው አይሰጣት። ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት ጥቂት ፉርሽካና ፋጉሎ መጨመር ይጠቅማል። ውሃ ግን ከምግብ ሁሉ ይበልጣል፤ የምታጠባ እናት በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ውሃ ያጣች እናት ልጆቿን እስከ መብላት ትደርሳለች። ጥንቸል የምታወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሳ ስትበላ ያየ ሰው ደግሞ አይደንግጥ፤ ይህ ምግቧን ሁለት ጊዜ የምትፈጭበት የተፈጥሮ ሥራ ነውና።

ስትያዝ ጆሮዋን ጨብጦ ማንጠልጠል ክፉ ልማድ ነው። አንድ እጅ በትከሻዋ ላይ ያለውን ቆዳ ይያዝ፤ ሁለተኛውም የኋላ እግሯን ከታች ደግፎ ያንሣት። ተፈራግጣ ወገቧ ከተሰበረ የሚድን አይደለም።

ሴቲቱ ከ5 እስከ 6 ወር፤ ወንዱም ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላቸው ለስሪያ ይደርሳሉ። ሁልጊዜ ሴቲቱ ወደ ወንዱ ቤት ትወሰድ እንጂ ወንዱ ወደ እርሷ አይግባ፤ ቤቷን ለመጠበቅ ስትል ትነክሰዋለችና። የጥንቸል እንቍላል የሚለቀቀው ከስሪያው በኋላ ስለ ሆነ እንደ ላም ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ስሪያው በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል፤ ወዲያውም ወደ ቤቷ ትመለስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በ31ኛው ቀን ገደማ ትወልዳለች። በ28ኛው ቀን ርዝመቱ 45፤ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመውለጃ ሣጥን ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ተደርጎበት ይግባላት። እርሷም ከሆዷ ጠጕር እየነጨች ለልጆቿ ታነጥፋለች። ከወለደች በኋላ የሞቱትን ብቻ ቀስ ብሎ አውጥቶ ቤቱን በጸጥታ መተው ነው፤ ጫጫታና የእንግዳ ብዛት ያስደነግጣታል። ልጆቿን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለምታጠባ ጣለቻቸው ብሎ መቸኰል አይገባም፤ ሆዳቸው ሞልቶ ከታየ ጠብተዋል ማለት ነው። ዓይናቸው በ10ኛው ቀን ገደማ ይገለጣል፤ በ3ኛው ሳምንት ከሣጥኑ ይወጣሉ፤ በ6ኛው ሳምንት ከእናታቸው ይለያሉ። ሦስት ወር ሳይሞላቸውም ወንድና ሴቱ ለየብቻ ይደረግ። እናቲቱን ልጆቿ ሳይለዩ ዳግመኛ ማስረገዝ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም ጕልበቷን ይጨርሳል፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ይህ ሁሉ ቀን በቃል ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዲቱ እናት አንድ ገጽ ያለው መዝገብ ይከፈት፤ የስሪያው ቀን፤ የወንዱ ምልክት፤ የወለደችበት ቀን፤ የተወለዱት፤ የሞቱትና የተሸጡት ቍጥር በየጊዜው ይጻፍ። በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር ሲካዱት ይካዳል፤ ሲረሱትም ይረሳል፤ ሥራው የሚያተርፍ ወይም የሚያከስር መሆኑን የሚመሰክረውም ይኸው መዝገብ ነው። ወንድምና እኅት ተዋልደው ዘሩ እንዳይደክም የሚጠብቀውም እርሱ ነው።

ስለ በሽታዋም ጥቂት እንናገር። ጆሮዋን እየቧጨረች ራሷን የምታራግፍ ከሆነች እከክ ይዟታል፤ ልጆቹም ሆዳቸው ተነፍቶ ካስቀመጣቸው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በኩስ የተበከለ ምግብ ነው። የታመመችውን ለይቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። ለሰው የተሰጠ መድኃኒት ግን አይሞከርባት፤ ለሰው ፈውስ የሆነው ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን በአፏ ቢሰጣት የሆዷን ሥራ አበላሽቶ ሊገድላት ይችላል።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህ ነው። ፍየል ሲርባት ትጮኻለች፤ ዶሮም ሲጨንቃት ትንጫጫለች፤ ጥንቸል ግን ርቧትም፤ ጠምቷትም፤ ታማም ዝም ትላለች። ስለዚህ የሚያረባት ሰው ጧትና ማታ በዓይኑ ሊጐበኛት ግዴታ አለበት። ውሃ የመቅዳቱን ሥራ ለልጅ ቢሰጡትም አባት ወይም እናት ሳያዩት አይደሩ። ይህን ለማድረግ ጊዜ ያለው፤ ዓላማውንም ከቤተ ሰቡ ጋራ የቈረጠ ሰው፤ በሁለት ሴትና በአንድ ወንድ ጀምሮ አንድ ዓመት ይሞክር፤ መዝገቡንም አይቶ ያስፋ ወይም ይተው። ጊዜ የሌለው ሰው ግን ከነጭራሹ አለመጀመሩ ለራሱም፤ ለዝምተኛዪቱም እንስሳ ይሻላል።